አምፖሉ ካላርገበገበ

ዕቁቤ ወጣልኝ ባስራ አንደኛው ዕጣ፤
ብሩን በጨርቅ ቋጥሬ ማሽን ልመርጥ ስወጣ፣
«ጎንፋ» አለች ሚስቴ፣ «የብየዳህስ ይሁን፣
ፍሪጅ የማይጎትት ግን እቤቴ እንዳታመጣ።»

ቃሊቲ፣ ሙዘይን መጋዘን፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመዋል።
አንዱ ቀይ ነው፣ ጎማው እንኳ ገና ላስቲኩን ለብሷል፤
ቁልፍ ሲያዞሩለት ይነሳል።
ሌላው ሽማግሌ ናፍጣ፣ ሆዱን ዘይት ያላበው፣
እጀታው በሽቦ የታሰረ፣ ዳገት ላይ አራት ሰው የሚገፋው።

«ቀዩ» አለ ሙዘይን፣ «ሁለት መቶ አምፔር፤
ለብየዳም ለመብራትም፤ አንድ በሬ፣ ሁለት ሞፈር።»
ወረቀቱን አነበብኩ። ብረት በወረቀት አይበየድም።
ከኪሴ ሦስት ኤሌክትሮድ አወጣሁ፣ ቀጥሎም
ከጓዳዬ ነቅዬ የመጣሁትን ባለ መቶ ሻማ አምፖል።

አምፖሉን ሰክቼ፣ ጭምብሌን ደፍቼ፣
ዘንጉን ከላሜራው ጫፍ ጭሬ አስነክቼ…
ቀዩ አጓራ። አምፖሉ ግን ጨፈነ፣ ገለጠ፣ ጨፈነ፣
አበዳሪውን መንገድ ላይ እንዳየ ሰው ሆነ።

ወደ ሽማግሌው ዞርኩ። ማኒቬላውን አንዴ፣ ሁለቴ፤
በሦስተኛው ሳለና በጥቁር ጭስ ታጠበ ፊቴ።
ዘንጉ ነደደ፤ ፍሙ ጫማዬ ላይ ተንጠባጠበ፤
አምፖሉ አልሰማም፣ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበ።
«ይሄኛው» አልኩ። ሙዘይን ሳቀ፦
«ጩኸቱንስ ለጎረቤት ምን ልትለው ነው?»

ለጎረቤት ምንም አላልኩ።
ሐሙስ ማታ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የኮንዶሚኒየሙ መስኮት ባንዴ ሲጠፋ፣
ለቅዳሜ ሰርግ ያልደረሰ በር አለብኝ፣ የአቶ ወርዶፋ፤
ማሽኑን አስነሳሁ።
ዘንግ ሳልጨብጥ ከአጥሩ በላይ ገመድ እንደ ሐረግ ወረደ።
ዘምዘም ናት፣ ፍሪጇ ውስጥ ሃያ ሊትር ወተት አለባት።
የፀጉር ቤቱ ልጅ መጣ፣ ግማሽ ራሱን የተላጨ ሰው አስከትሎ።
ስሙን የማላውቀው አንዱ ደግሞ ቻርጀር ብቻ አንጠልጥሎ።
ሚስቴ ቆማ ትቆጥራለች፤
የኛን ፍሪጅ ግን ከሁሉ በፊት ሰክታለች።

ትርፍ ኃይል ማለት ለካ
ሰው ሲመጣ «ሞልቷል» የሚል አፍ ማጣት ነው።
የወርዶፋ በር ያለ ማጠፊያ መሬት ተጋድሟል፣
እኔ ናፍጣ በዘንግ እየለካሁ፣
ማንም ያልሾመኝ መብራት ኃይል።

እኩለ ሌሊት ገመዱ አንድ ባንድ ተነቀለ።
ጭምብሌን ደፋሁ፣ ጫርኩ፤
ሰፈሩ ሰማያዊ ሆነ፣ የአጥሩ ጥላ ፎቁ ላይ ዘለለ።
ከሦስተኛ ፎቅ አንድ ሰው ጮኸ፦
«ኧረ ጎንፋ! እንተኛበት እንጂ!»
ድምፁን አወቅሁት።
ያ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ የመጣው ነው፣
ግማሹን በኔ ናፍጣ የጨረሰው።