ምንም አልተገኘም

ሦስት ካርቶን፣ አንድ ሻንጣ፣ አንድ የማሽላ ጆንያ፣
ካልጋ ሥር ተጎትቶ ሲወጣ፣ ሳሎኔ መሰለ ሰኞ ገበያ።
ሰዓዳ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣
ላፕቶፗን ከፍታ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።
«ጋሼ፣ በምን እንደርድረው? በዓመተ ምሕረት? በዓይነት?»
የጎረቤቴ ልጅ ናት፣
ገና አምና የጨረሰች የኮምቦልቻ ካምፓስ ትምህርት።

የቀድሞውን የኢንተርኔት ቤቴን የሠራው የዘመድ ልጅ ነበር፤
ግጥሙን ከደብዳቤ፣ ተውኔቱን ከእድር ደብተር
እንደ ቦርከና ጎርፍ ቀላቅሎ ለቀቀው ያለ ድንበር፤
እኔ ራሴ ስገባበት መውጫው ይጠፋኝ ጀመር።

«በዓመት» እንዳልላት፣ ቀን አልጽፍም ነበር ፊት፤
ከጨርቃ ጨርቁ መጋዘን፣ በሌሊት ፈረቃ ሰዓት፣
የጻፍኩት በክር ማውጫ ደረሰኝ ጀርባ ነው፤
ቀኑ የክሩ እንጂ የግጥሙ አይደለ፣ እንዴት ልመነው?
«በዓይነት» እንዳልላት፣ ምን ልበለው ይኼን፣
ስለ ውሃ መጥፋት ለቀበሌ የጀመርኩትን ማመልከቻ
ሦስተኛው መሥመር ላይ ቤት የመታብኝን?

ሰዓዳ ሳቀች። ሳጥን ሠራች፦ «ግጥም»፣ «ወግ»፣ «ደብዳቤ»፤
«ያላለቁ» ስትል ጊዜ ደንገጥ አለ ልቤ።
የማይመደበው ሁሉ ይታጨቅ ጀመር «ሌሎች» ውስጥ፣
እስከ ዓርብ አበጠና ሆነ ከሁሉም የሚበልጥ።
ዕድሜዬም እንዲሁ ነበር፤ ዝም አልኩ፣ ምኑን ልግለጥ።

ጉሙ ከጦሳ ወረደ፤ የሰፈሩን ቆርቆሮ ዋጠው።
መብራት ሄደ፤ መጣ፤ ሄደ። ሻማ ፍለጋ ብድግ ስል
«ይተዉት፣ ሁሉም ተቀምጧል» አለች።
አላመንኳት። እኔ ማስቀመጥ የማውቀው
ከአይጥ በፌስታል ጠቅልዬ፣ ቋጥሬ፣ ከጣራ ሰቅዬ ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን መፈለጊያ ገጠመችለት።
«ቃል ይጥሩ» አለች፤ «ከየጎሬው ይወጣልዎት።»
«ዝናብ» አልኳት። ሁለት መቶ አሥራ አራት።
«ክር» አልኳት። መቶ ሥልሳ ስምንት።
«ሐረጎ» አልኳት፤ ያ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚጥለው ቁልቁለት፤
ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ ወርጄበታለሁ፣ በግጥም፣ በወግ፣ በተውኔት።

ኮራሁ መሰለኝ። ሻይ ጠጣሁ። ከዚያ ምን ከአፌ እንዳወጣው እንጃ፣
«ሙሄ» አልኳት።
በሃሌታው «ሀ» ሞከረች፤ በሐመሩ «ሐ»፤ በብዙኃኑ «ኀ»።
«ምንም አልተገኘም» አለ ሳጥኑ።

ሙሄ ታናሼ ነው። የጭነት መኪና ረዳት ነበረ፤
እኔ ዘጠነኛ እንድገባ፣ እሱ ከስድስተኛ ቀረ።
የመጀመሪያ ደብተሬን የገዛው እሱ ነው፣ ባለ ሃምሳ ቅጠል፤
ሽፋኑ ላይ የአውራ ጣቱ አሻራ አለ፤ እስከ ዛሬ ናፍጣ ናፍጣ ይላል።
ሐረጎ ላይ፣ አንድ የሐምሌ ንጋት፣ ፍሬን እምቢ ያለ ጊዜ፣
ገደሉን ጻፍኩ፣ ጉሙን ጻፍኩ፣ የሾፌሩን እናት ትካዜ፤
ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ ጻፍኩ፤ እሱ ግን የለም፣ አንድ ጊዜ።

ሰዓዳ ቀና ሳትል፣ «ምናልባት ያላነሣነው ወረቀት ይኖር ይሆን?» አለች፤
ጆንያውን ገልብጣ አራገፈች፤
አንዲት የማሽላ ፍሬ ወደቀች።

ማክሰኞ ሥራው አለቀ። «ለበሩ ቁልፍ ይምረጡ» አለችኝ፣
«ማንም የማይገምተው፣ እርስዎ የማይረሱት ቃል።» ማሽኑን አዞረችልኝ።
በአንድ ጣት፣ እንደ ዶሮ እየጫርኩ፣ ስሙን ጻፍኩ።
«አጠረ» አለ ማሽኑ፤ «ከስምንት ፊደል አይነስ።»

እየጨመርኩ ነው።
ሙሄ ረዳቱ። ሙሄ የደብተሩ። ሙሄ ከስድስተኛ የቀረው።
ሰዓዳ ጫማዋን አድርጋ፣ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች።