ሻጭ፦ ወይዘሮ ዲንቄ

ውልና ማስረጃ በሩ ፊት ለፊት፣
ከተቀደደ ጃንጥላ ሥር ነው የኔ መሥሪያ ቤት።
አንዲት አሮጌ ጠረጴዛ፣ ሁለት በርጩማ፣
ጥቁር ድንጋይ ለወረቀት መያዣ፤ ነፋስ አያልቅማ
በአዳማ።

ገጹ ሃምሳ ብር ነው፣ ሽያጭ ቢሆን ስጦታ፣
ፍቺም ቢሆን ውክልና፣ ለለቅሶም ለእልልታ።

ወይዘሮ ዲንቄ መጣች፣ ሰኔ ሊገባ ሲል፣
ካርታዋን በፌስታል፣ ፌስታሉን በሻርፕ ጠቅልላ፣ ሕፃን ይመስል።
መቶ አርባ ካሬ፤ ሁለት ክፍል ጭቃ፣ አንድ የፓፓያ ዛፍ፤
ባሏ ወንጂ ሸንኮራ ሲቆርጥ ኖሮ፣ ከገጀራው አፍ
ሳንቲም በሳንቲም የተረፈ።

ከጎኗ አቶ ደርበው፤ ጫማው የተወለወለ፣
ድምፁ የለሰለሰ፣ “እናቴ” እያለ።
ለልጇ ለቦንሳ ባጃጅ መግዣ ነው ብድሩ፤
መቶ ሰማንያ ሺህ፤ አሥር ከመቶ ወለዱ፣ በየወሩ።

“ብድር ብለህ አትጻፍ” አለኝ፣ ጠጋ ብሎ ወደ ጆሮዬ፣
“ሽያጭ በለው። ለመተማመኛ ነው እንጂ፣ ጌታዬ፣
ቤት ምን ያደርግልኛል? ሲከፈል ይቀደዳል።”
እሷም ደገመችው፣ “ሲከፈል ይቀደዳል።”
ፊደል ያልቆጠረ ሰው፣ ወረቀት እንደ ጨርቅ የሚቀደድ ይመስለዋል።

እኔ አውቅ ነበር።
ሃያ ሦስት ዓመት ጽፌ እንዴት አላውቅም? ዓይን እንኳ ቢታወር
እጅ አይታወርም።

ጻፍኩ፦ “እኔ ሻጭ ዲንቄ ቶላ፣ በሙሉ ፈቃዴ፣
ቤቴን ከነቦታው ሸጫለሁ፤ ዋጋውም ገብቷል በእጄ።”
አራት ነጥብ።

መዝጋቢዋ ጠየቀቻት፦ “በፈቃድሽ ነው?” “አዎ።”
“ገንዘቡን ተቀብለሻል?” “አዎ።”
አዎ ማለትን፣ ደረጃው ላይ፣ ያስጠናት ደርበው ነው።

አውራ ጣቷን ቀለም ነከረች፣ ወረቀቱን ነካች፣
ከዚያ በሻርፗ ጫፍ ጠርጋው፣ ወደ ቤቷ ሄደች።
ቤቷ ማለቴ... ልማድ ነው።

ባጃጁ ሦስት ወር ሠራ። ከዚያ ቤንዚን ጠፋ፤
ቦንሳ ማደያ ደጅ፣ ሰልፍ ላይ፣ መሪው ላይ አንቀላፋ።
ወለድ ግን አይተኛም፤ ስሙን ያውቃል፣ ይወልዳል፤
አርባውን ሳይቆጥር አራስ፣ በሠላሳ ቀኑ ይደግማል።
ፓፓያው በፍሬ ተሸጠ፣ ሁለተኛው ክፍል ተከራየ፣
ቆርቆሮው ሥር ያለ ሁሉ ለደርበው ገበረ፤ ዋናው ብድር ግን እዚያው ቆሞ ታየ።

በዓመቱ፣ ነሐሴ ላይ፣ ጎርፉ ከኮረብታው ወረደ እንደ ልማዱ፤
ግድግዳውን ላሰ፣ ደጃፉን ጋጠ፤ ቤቱን ግን ትቶላት አለፈ በመንገዱ።
በጥቅምት የመጣው ጎርፍ አይደለም፤ አዲስ ቁልፍ ነው፤
ሁለት ፖሊስ፣ አንድ የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ አንድ “እናቴ” የሚል ሰው።

ግጥም ቤት ካልመታ ግጥም አይደለም ይላሉ።
እኔ እዚህ ላይ ቤት አልመታልኝም።
አልጋዋ መንገድ ላይ ነበር፣ እግሮቹ ወደ ሰማይ፣
ጀሪካኖቹ፣ የቦንሳ የድሮ ደብተሮች፣ የባሏ ገጀራ፤
ነፋሱ አቧራውን እያነሳ በላያቸው ይደፋል።
እንግዲህ የት ላይ ልምታ?

ኅዳር ላይ ተመልሳ መጣች። ፌስታሉ ያው ነው፣ ካርታው የለም።
“አቤቱታ ጻፍልኝ” አለች፣ “ገጹ ስንት ነበር?”
ስድሳ ሆኗል አልኳት።
ዘይት ጨምሯል፣ እኔም ጨምሬያለሁ።

ጻፍኩ፦ “እኔ አመልካች ዲንቄ ቶላ፣ ተበደርኩ እንጂ አልሸጥኩም።”
ያው እስክሪብቶ፣ ያው እጅ፣ ያው አራት ነጥብ።
ሕጉን አውቀዋለሁ፤ የተጻፈን ውል የሰው ምስክር አይሽረውም።
ቢሆንም “እኔ ነበርኩ፣ ሰምቻለሁ” ልላት አፌን ከፈትኩ።
ጃንጥላዬን አሰብኩ፣ በርጩማዬን፣
ደርበው በየሳምንቱ የሚልክልኝን ሰው።
ዘጋሁት።

ነፋስ መጣ። ድንጋዩ የት እንደወደቀ አላየሁም።
ወረቀቱ ሊነሳ ሲል፣ መዳፏን ጣል አደረገችበት።
“አይዞህ፣ ጻፍ” አለችኝ፣
“ይዤልሃለሁ።”