ተራ ቁጥር

ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ ኦውሉ አልነጋላትም፤
ከበረዶው በቀር ብርሃን የላትም።
ስልኬ ጮኸ። ቴርቱ ናት፣ ከልደት መዝገብ ቤት፤
ድምፅዋ ቀጥኖ ቀጥኖ ሊበጠስ ካንገት።
«ራይሊ፣» አለችኝ፣ «ልጅ አጠፋሁ።»
«ምን?»
«ስሟን ላጸድቅ ብዬ፣ ከነመዝገቧ አጣሁ።»

ሃያ ሁለት ዓመት አጽዳቂ ነበረች፤
በስተቀኝ ያለውን ቁልፍ በጣቷ ታውቃለች፣
ሳታይ ትጫናለች። ዛሬም ሳታይ ተጫነች።
ሲሩ የተባለች የአምስት ቀን ሕፃን
ስም ወጣልኝ ሳትል ከሠንጠረዡ ወጣች።

ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ልናገር፣ የእኔ ነው።
ፈቃድን በኮዱ የዘረዘርኩት እኔ ነኝ፦
ማየት፣ ማተም፣ ማረም፣ ማጽደቅ፣ መሰረዝ፤
አምስት ቃል፣ እንደ ጥርስ በድድ ላይ የተሰካ።

ኮዱና ዳታቤዙ አይግባቡም በልማድ፤
ይሄኛው ነገር ይላል፣ ያኛው ረድፍና ዓምድ፤
መሃል የቆመው ቱርጁማን ነው የሚያመላልሰው፣
የሚያስማማው ባዕድን ከባዕድ።
ትጉህ ነው፣ ታማኝ ነው፤ ግን አንድ አመል አለው፦
ዝም ያሉት እንደሆን፣
ስሙን ትቶ ቦታውን ብቻ ነው የሚጽፈው።
ለማየት ዜሮ፣ ለማተም አንድ፣ ለማረም ሁለት፣
ለማጽደቅ ሦስት፣ ለመሰረዝ አራት።
ተራ ቁጥር።
ዝምታ ወርቅ ነው ሲባል ሰምቼ፣
እኔም ዝም አልኩት።

ባለፈው ሐሙስ ዩርኪ፣ ገና ሥራ የጀመረው ልጅ፣
የሆኪ ጓንቱን ጠረጴዛ ላይ የሚያደርቀው፣
«አሮጌው ማተሚያ ተጥሏል፤ ማተም ምን ይሠራል?»
ብሎ ከዝርዝሩ አወጣው። ንጹሕ ኮድ ደስ ይላል።
አየሁለት። «ጎበዝ» አልኩት። አጸደቅኩለት።

አንድ ጥርስ ሲነቀል የቀሩት ተጠጉ፤
ዳታቤዙ አልሰማም፣ ቁጥሮቹ በቦታቸው ረጉ።
ሦስት ያው ሦስት ነው፤ ትናንት ማጽደቅ ነበር፣
ዛሬ መሰረዝ ሆነ፣
ቴርቱ ሳትሰማ፣ በሌሊት ሹም ሽር።
ማተም ብቻ የተፈቀደለት የመጋዘኑ ኦልሊ
የሰው ልደት ማረም ቻለ።
አላረመም፤ የራሱን ከፍቶ፣ አይቶ፣ ሳቀ፣ ዘጋ።
ኬይዮ ደግሞ፣ የሁሉ አለቃ፣ አራት ቁጥር የያዘው፣
የገዛ በሩን ቢገፋ በሩ አላወቀው፤
«አራት የሚባል ፈቃድ የለም» አለው።

ሲሩን ከባክአፑ አወጣኋት፣
ከነክብደቷ፣ ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ፣
ከነእናቷ ስም፣ ከነተወለደችበት ደቂቃ።
ቴርቱ ስልኩን አልዘጋችም፤
ስትተነፍስ ይሰማኛል።

ከዚያ ለቱርጁማኑ አንዲት መስመር ጻፍኩለት፦
በስም ጻፍ።
የድሮውን ዝርዝር ወረቀት ላይ ገልብጬ
አራት መቶ ሠላሳውን ረድፍ አዛወርኩ፤
ሦስት የነበረው ሁሉ «ማጽደቅ» ተባለ፣
አራት የነበረው «መሰረዝ»፣
ማንም በማንም ወንበር እንዳይቀመጥ።

ዩርኪ ከኋላዬ ቆሞ ጆሮውን እያሸ፣
«ስም ቦታ ይበላል፣ ቁጥር ግን ይቀላል» አለ።
«ይብላ» አልኩት።
ስምም ቢሆን አይታመንም፤
ነገ አንዱ ተነስቶ ማጽደቅን ማረጋገጥ ይለዋል፤
ያን ቀን ደግሞ፣ በጨለማ፣ ስልክ ይጮኻል።

ሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ የኖረችው ፀሐይ ስትገባ
ዳቦ ቤት ሄድኩ። ወረቀት ቆረጥኩ፦ ሰማንያ ሦስት።
ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረኝ፤
ቴርቱ ናት፣ ሁለት ቃል፦ «ሲሩ ጸደቀች።»
«ሰማንያ ሦስት!» አለች ሻጯ፤ ሰማሁ፤ አልተነሳሁም።
ደገመች።
ቆብ ያደረጉ አንዲት አሮጊት ክንዴን ነካ አድርገው፣
«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ተራሽ አይደለም?»