የኦድቫር ሣጥን

በስቮልቫር ወደብ፣ ከባሕሩ አፋፍ፣
ዓሣው ተሰቅሏል ከእንጨቱ ጫፍ፤
ጨው አልነካካው፣ እሳት አላየው፣
ብርድና ነፋስ ነው የሚያቆየው።
«የዛሬን ብላ፣ የነገን ስቀል፤
ባሕር የሰጠህን ባሕር ላይ አትጣል፣»
ይሉ ነበረ የጥንት ዓሣ አጥማጆች፣
ቋጠሮ የማይስቱ እነዚያ እጆች።

እኔ፣ ቶርጉን፣ ግን ዓሣ አልሰቅልም፤
የኔ ሥራ ሽታም፣ ቅርፊትም የለውም።
የአርባ አንድ ሰው ኢሜይል፣ የዋጋ ሠንጠረዥ፣
ውል፣ የጭነት ወረቀት፣ ከሻጭ እስከ ገዥ፣
ሁሉም ደመና ላይ ተቀምጦ ሲያድር፣
ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ጸጥ ሲል መንደር፣
ቅጂውን አወርዳለሁ ከሰማይ ወደ ምድር፤
ወደ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ቁልፍ፣ ሌላ በር።
ከዚያም እዘጋዋለሁ። ለአንድ ዓመት ሙሉ
እኔ ራሴ እንኳ ተናድጄ ልደምስሰው ብል
እሺ አይለኝም።

አለቃዬ ስታይናር ሒሳብ ይወዳል፤
ወር በገባ ቁጥር ደረሰኜን ያያል፦
«ደመና ላይ ካለ፣ ቅጂው ለምን ነው?
ለአንዲት ጀልባ ሁለት መልሕቅ የሚገዛ ማነው?»
«ደመና» እለዋለሁ፣ «ስሙን ስማው እስቲ፤
ሲያሻው ይዘንባል፣ ሲያሻው ይበተናል።
አከራይህ ጣራና ግድግዳውን ይጠብቅ ይሆናል፤
ዕቃህን ግን አንተ።»
ይስቃል። አንዳንዴ ይፈርማል፣
አንዳንዴ ወረቀቱን ከስኒው ሥር ያኖራል።

በየካቲት ኦድቫር ሞተ፤ የሽያጭ ሰው፣
ከጄኖዋ ገዥ ጋር ሃያ ዓመት የተነታረከው።
ሣጥኑን ተሸክመን አፈር አለበስነው።
በሳምንቱ ስታይናር ሌላኛውን ሣጥን፣
የደብዳቤውን፣ ዘጋው፦
«ለሞተ ሰው ኪራይ አልከፍልም» አለ።
ሥርዓቱ ታገሠ፤ ሠላሳ ቀን ቈጠረ፤
በሠላሳ አንደኛው፣ ያለ ደወል፣ ያለ ጸሎት፣
ባዶ ሆኖ አደረ።

በግንቦት ከጄኖዋ አንድ ደብዳቤ መጣ፦
«ኦድቫር በጽሑፍ ቅናሽ ሰጥቶናል፣
በኪሎ ሁለት ዩሮ። አይደለም ካላችሁ
ማስረጃ አምጡ።»
ስታይናር ፈለገ። ስሙን ጻፈ፣ ተጫነ፣
እንደገና ጻፈ፣ እንደገና ተጫነ።
ፊቱ እንደ ደረቀ ዓሣ ሆድ ነጣ፤
ኮፍያውን በእጁ ይዞ ወደ ክፍሌ መጣ።
ምንም አልጠየቀም።
«ነግሬህ ነበር» የምትለዋን ቃል
ስንት ዓመት አቆይቻት ነበር፤ ዋጥኳት።

ቀኑን መረጥኩ፦ የጥር መጨረሻ።
«መልስ» ይላል ቁልፉ፤ ትእዛዝም ነው፣ ምላሽም።
ሰማያዊው መስመር እየተጎተተ ሲሞላ
ሁለታችንም ቆመን አየነው፣ እንደ ጀልባ ጠባቂ።
ኦድቫር ተመለሰ፤ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ደብዳቤ፣
የቀለደው፣ የተሳደበው፣ ይቅርታ የጠየቀው፣
የጄኖዋውም ጭምር፦
«ሁለት ዩሮ? ሕልምህ ነው። ሃምሳ ሳንቲም፤
እሱንም ለልጅህ ሠርግ ስል።»
ስታይናር አትሞ ወረቀቱን ይዞ ሮጠ።

እኔ ቀረሁ። ከሣጥኑ ግርጌ አንድ ረቂቅ፣
ያልተላከ፣ ለራሱ የጻፈው፣ ማክሰኞ ቀን፦
«የሦስተኛው መስቀያ መሰላል፣ ከታች አራተኛው
እርከን ላልቷል። ለልጆቹ ንገር፣ ሰው ሳይወድቅ።»
ይኸው ነው። ሰላምታ የለው፣ ስንብት የለው።

መዶሻ አነሣሁ። ውጭው ሌሊት ነው፣
ፀሐይዋ ግን አልጠለቀችም፤ ባሕሩን ታክካ
እንደ ሰነፍ ተማሪ መሄጃ ታጣለች።
አራተኛውን እርከን በጫማዬ ጫፍ ነካሁት፤
ተንቀጠቀጠ።
ሦስት ወር ስንት እግር ረግጦት ይሆን?
ሁለት ሚስማር መታሁ፤ ሦስተኛው ጎበጠብኝ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ቅጂው መውረድ ጀመረ፣
የረባው ካልረባው ጋር፤ እኔ አልመርጥም፤
የትኛው እርከን እንደሚላላ ማን ያውቃል።
ከመካከሉ የስታይናር አንድ መስመር አለ፦
«የቶርጉን ሒሳብ ይከፈል። ብቻ ጠይቂያቸው፣
ለዓመት ከሆነ ይቀንሱልን እንደሆነ።»