የማሰሮው ማስረጃ

በካማላ ወንዝ ዳር፣ በሚቲላ ምድር፣
ከማንጎው ዛፍ በታች ጉባኤ ነበር።
ሩድራካንት መምህር፣ ሽማግሌው ምሁር፣
አንድ ማሰሮ ይዞ አምላክን ሊያነጥር፣
ተቀመጠ ፊታችን።
ስምንት ነን፤ እግራችን
ከዝናቡ ጭቃ ገና አልተላቀቀ፣
ጆሯችን ግን ነቅቶ ቃሉን ጠበቀ።

«ተዉት መጽሐፉን፣» አለ፣ «ተዉት ትንቢቱን፤
ዛሬ በልቡና ብቻ እንፈልግ ቤቱን።»
ማሰሮውን መታው፣ በጣቱ አንኳኳና፤
ድምፅ ሰጠ ማሰሮው፣ ባዶ ነበረና።
«ይህን ያየ ሁሉ፣ ሆዱን፣ አንገቱን፣
አይጠራጠርም የሠሪ መኖሩን።
ክፍል ያለው ነገር፣ ክፍሉን አጋጥሞ
ያበጀው እጅ አለ፣ ከፊቱ ቀድሞ።
ተራራውም፣ ወንዙም፣ ክፍል ነው አካሉ፤
እንግዲያው ዓለምም ሠሪ አለው በሉ።»

አልን።
ብሪጅኪሾር ብቻ፣ ከሁላችን ታናሽ፣
እንደ ወባ ትንኝ በጥያቄ ነካሽ፣
«ሠሪውንስ?» አለ፣ «ደግሞ እሱን ማን ሠራው?
ከየት ላይ ነው ቆሞ የሚያርፍ ቆጠራው?»

መምህሩ ሳቀ፤ ሦስት ጥርስ ነው የቀረው።
«ሩዝ ተበደርህ እንበል ከጎረቤት ጓዳ፣
እሱም ተበድሮ፣ ሌላውም ባለዕዳ፣
ሰንሰለቱ ቢረዝም እስከ ባሕር ማዶ፣
የሁሉም ጎተራ ከሆነ ግን ባዶ፣
ሩዙ ከየት መጣ?
ይኸው ድስትህ ፈልቶ አረፋው ሲወጣ!
አበድሮ እንጂ ከቶ ተበድሮ የማያውቅ
አንድ ባለቤት አለ፣ ጎተራው የማያልቅ።»

ምን ላድርግ? ገረመኝ። ዛሬም ይገርመኛል።
እንደ ተወጠረ ገመድ ሐሳቡ ይዞኛል።

ብሪጅኪሾር እንኳ አንገቱን ሰበረ።
ከበሩ ላይ ግን ሳል፣ ደረቅ፣ የመረረ፣
ተሰማ።
ፉልማቲ ነበረች፣ ሸክላ ሠሪዪቱ፤
ከደጃፉ ቆማ፣ ሳትዘልቅ ወደ ቤቱ፣
«ስለ ዕዳ ሲነሳ ሰምቼ ነው፣» አለች፤
«ማሰሮዋ የኔ ናት፣ ገና አልተከፈለች።
ሦስት ወር ሞላት።
ደግሞም፣ ጌታው፣ እርስዎ አንድ ሠሪ አላት ያሏት፣
ሁለት ነን የሠራን፤ ባሌ ነው ያዞራት፣
ከመንኮራኩሩ ላይ አፏን ያወጣላት፤
ቂጧን በእንጨት መትቼ እኔ ነኝ የደፈንኩላት።
ገልብጠው ይዩዋት፤ የአውራ ጣቴ አሻራ
ከአንገቷ ሥር ደርቋል፤ የችኮላ ሥራ።
ልጄ ትኩሳት ይዟት ስትጮህ ያን ማታ፣
እጄ እዚህ ነበረ፣ ልቤ ከሷ ቦታ።
ያ የእርስዎ ሸክላ ሠሪ፣ ይህን ሁሉ ሲያበጅ፣
የት ነው አውራ ጣቱ? ታሞበት ነበር ልጅ?»

ማንም አልመለሰ።
ከማንጎው ቅጠል ላይ የዝናብ ጠብታ
ማሰሮው ውስጥ ፈሰሰ።
መምህሩ ፈታ ከሽርጡ ጫፍ ሳንቲም፤
ቆጥራ ተቀበለች፤ ምስጋና አላለችም።

እሷ ከሄደች በኋላ ጥቂት ዝም አለና፣
ጉሮሮውን ጠርጎ መቃውን አነሳና፣
«ጻፉ፣» አለ፣ «ይኸውም ሰባተኛ ተቃውሞ፤
መልሱን ነገ እንየው፣» አለን፤ ድምፁ ደክሞ።
ነገ ስለ ጭስና ስለ እሳት ነበር ትምህርቱ፤
ከነገ ወዲያም ወንዙ ሞላ፤ ተዘጋ ቤቱ።

አርባ ዓመት አለፈ። እኔም አስተምራለሁ፣
በዚያው ማሰሮ ነው፤ ወርሼ ይዤዋለሁ።
ክርክሩ ጽኑ ነው፤ አልፈረሰም ዛሬም፤
ተበዳሪ ብቻ ዓለምን አያቆምም።
ግን ሌሊት፣ ደቀ መዛሙርቴ ሲተኙ፣
ጣቶቼ ያን ጎድጓዳ ከአንገቱ ሥር ሲያገኙ፣
አውራ ጣቴን አስገባለሁ። ይጠበኛል።
ትንሽ ነበር እጇ።
ያኔ አንድ ነገር ቀስ ብሎ ይወቅሰኛል፦

ስምንት ነበርን ያን ቀን፣ ዘጠኝ ከመምህሩ፤
ምላሳችን ስል ነው፣ የሰላ ክርክሩ።
ከመካከላችን፣ አንድ እንኳ፣
ስለ መጀመሪያው ምክንያት የተጨነቀ፣
«ልጅቱስ ዳነች ወይ?» ብሎ አልጠየቀ።