የግድግዳ ልብስ

አስፋልቱ ሲያበቃ፣ ከለገጣፎ ወዲያ፣
ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ ምድሩ ልብስ መስፊያ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከመርፌ ታግዬ፣
ከጨርቅ ትርፍራፊ ብሎኬት ለቅሜ፣ ድንጋይ አከማችቼ፣
አቆምኩት። ፊቱ ግን ግራጫ እንደቀረ
ልስን ሳይነካው ሦስት ክረምት ኖረ።

«አልሙኒየም አልብሰው» ይለኛል ሞላልኝ፣ ጎረቤቴ ነው፣
«መስታወት ግጠምለት፣ ባንክ አስመስለው።»
እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ መብራት ሲሄድ
የስፌት መኪናዬ ግማሽ እጅጌ ነክሶ ሲቀር፣
ሙሽራዋ በራፌ ላይ በስልኳ ብርሃን ሰዓት ስትቆጥር።

ብሊሴ መጣች፣ መሐንዲሷ፣ ጫማዋ ጭቃ እንዳለ።
ጣሪያዬን አየችው፤ ሮቶ አለ፣ ዲሽ አለ፣ የልብስ ገመድ አለ።
«ቦታ የለም፤ ግድግዳዎ ግን ሥራ ፈትቶ ዋለ።
የእኛ ፀሐይ» አለች፣ «አናት ላይ ነው የምትቆመው፣
ግንብን በጎን ዓይኗ ገርመም አድርጋ ነው የምታልፈው፤
ከየመስኮቱ በላይ እንደ ቅንድብ ዘንበል እናደርገዋለን፣
በጋ ወደ ደቡብ ስታጋድል የታችኛውን ረድፍ እናበላዋለን።»

ቅንድብ ስትል ገባኝ። ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ
ግንቡን ለካሁት እንደ ደንበኛ፣ ከትከሻው ወርጄ።
ጥቁሩን ለገላው፣ ቡናማውን ለጫፍ፣
ከደረጃው ጎን ቀጭኑን፣ ቁልቁል እንደ ዘርፍ።
መንገደኛ ይቆማል፤ «ምን ዓይነት እብነ በረድ ነው?» ይላል፤
ሽቦው አይታየውም፣ ከኋላ በገበሩ በኩል አልፏል።

በአራተኛው ቀን አንዱ ረድፍ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ተሰፋ።
«ዋቱ አይቀንስም፣ ጋሽ ሽኩር፤ ለምን በከንቱ ልልፋ?»
«ዓይን ይቀንሳል» አልኳት። «ፍቺው።»
ፈታችው፤ መወጣጫው ላይ፣ ብሎን በከንፈሯ ነክሳ፣
እኔ ስፒል እንደምነክሰው። ሲመሽ ጨረሰችው መልሳ።

ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር አቧራ ይደርብበታል፤
እሑድ እሑድ እወለውለዋለሁ፤ ካፖርት እንኳ ይቦረሻል።

ትናንት ማታ መብራት ሄደ።
ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ ለበሰ፤
የእኔ መኪና ግን እጅጌውን ጨረሰ፣
ደረጃ ሥር ያለው ባትሪ ቀን የጠጣውን እየመለሰ።

ሞላልኝ ስልኩን ይዞ መጣ፣ ሁለት ፐርሰንት የቀረው፤
ሰክቶት ወጣና ግድግዳዬን በእጁ ዳሰሰው፣
ጨርቅ የሚገዛ ሰው እንደሚያደርገው፣ በአውራ ጣቱ፣ ደጋግሞ።
«በሜትር ስንት ነው?» አለኝ፣ ጨለማው ውስጥ ቆሞ።