ሁለት ምስክር

ሰማይ አይታረስ ይላሉ ሲተርቱ፤
እኛ ግን እንሰፍረዋለን፣ በየደቂቃው፣ ከሌት እስከ ጧቱ።
ከኢናሪ ሐይቅ ዳር፣ ጥዱ ከሳሳበት፣
ከቤት ጣሪያ የማይበልጥ ማማ አለ፣ ቱቦ የቆመበት፤
ፀሐይን ሲከተል ይውላል፣ እንደ ሱፍ አበባ አንገቱን አዙሮ፤
የብርሃኗን ጉድለት በቁጥር መንዝሮ
ወደ እኔ ይልካል፣ ወደ ሄልሲንኪ፣
መስኮቱ ወደማይከፈት ክፍል።

እኔ ደሞዝ የሚከፈለኝ ለመጠርጠር ነው።

አሞራ ከብርጭቆው ላይ ያርፋል፤ መሣሪያው «ደመና» ይላል።
ሰዓቱ አንዲት ደቂቃ ይዘገያል፤
ቱቦው ፀሐይን ካለችበት ሳይሆን ከነበረችበት ይፈልጋል፤
ሲያጣትም «ጠፋች» ብሎ ይጽፋል።
አመዳይ ጉልላቱን ሲያለብሰው ቀትር ላይ ይመሻል።
ዋሸ አይባልም፤ ያየውን ነው የሚለው።
ኃጢአቱ አንድ ብቻ ነው፦
ፊቱ ላይ ያረፈውን ከሩቁ አይለይም።

በዚያ ሐምሌ ቁጥሩ ከፍ አለ፤
በመጠኑ፣ አልጋ እንደማያስይዝ ትኩሳት።
የደን ቃጠሎ ጭስ ይሆን፣ ከምሥራቅ የነፈሰ?
ወይስ ከሰሐራ ተነሥቶ ባሕር የጣሰ
አቧራ? የነፋሱን ዱካ በካርታ ወደ ኋላ ተከተልኩት፤
ከዋልታ ነው የመጣው፣ እንደታጠበ። ጠረጠርኩት።

ያኔ ምስክር ጠራሁ፤ ታኔሊን።
ሠላሳ አንድ ዓመት ማማውን የጠበቀ፣
በየማለዳው ብርጭቆውን በፍላኔል ጨርቅ ወልውሎ
ሰማዩን በዓይኑ መዝኖ
በእርሳስ አንዲት መስመር የሚጽፍ።
መዝገቡን ገልጦ በስልክ አነበበልኝ፦
«ሐምሌ ሦስት፣ ስስ ጭጋግ።
ሐምሌ አራት፣ ጭጋግ።
ሐምሌ ዘጠኝ፣ ከሐይቁ ማዶ ያለው ኮረብታ
በደንብ አይታይም።»

አንዱ ከብረት፣ አንዱ ከሥጋ፤
ሁለቱ ከተስማሙ ዳኛ ምን ይላል?
«የተረጋገጠ» ብዬ ማኅተሜን መታሁ፤
ቡና ልጠጣ ወረድኩ።

መስከረም አጋማሽ ስልኬ ጮኸ።
ታኔሊ ነው፣ ከሮቫኒዬሚ ሆስፒታል መመለሱ፤
የዓይኑን ሞራ አውጥተውለት።
መች እንደጀመረው እሱም አያውቅ፤
ሞራ እንደዚያ አገር ክረምት ነው፣ የገባበት ቀን አይታወቅ።
«ከአውቶቡስ ወርጄ ኮረብታውን አየሁት» አለኝ፣ «ዛፍ በዛፍ።
ቆጠርኳቸው።» ዝም አለ። «ማማው ላይም ወጣሁ፤ በቱቦው አፍ
የሆነ ነገር ብልጭ አለብኝ።
ሸረሪት ናት። ውስጥ ገብታ፣ ተመችቷት፣
ከሌንሱ ፊት ክር ዘርግታ።»

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንል ነበር፤
እሷ ግን ማንንም አላስተባበረች፤
በአንዲት ክር ፀሐይን አሰረች፣
ሐምሌን ሙሉ፣ ነሐሴን ሙሉ፤
እኔም ከእስሩ ማዘዣ ግርጌ ፈርሜያለሁ።

በእርሳሱ ጫፍ አውጥቶ
ወደ ማገዶው ጎጆ እንደወሰዳት ነገረኝ።
ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ፦
«ሰርዘው። የሷንም፣ የኔንም።»

የቱቦውን ቁጥር ሻርኩት፣ በቀይ።
ከጎረቤት ጣቢያ አማካይ ወስዶ
ክፍተቱን መድፈን ይቻላል፤ ሁለት ቁልፍ መጫን ነው፤
አልደፈንኩም።
«ምክንያት» በሚለው ሣጥን «ሸረሪት» ብዬ ጻፍኩ።
አለቃዬ ሳቀች።

የሱ መስመሮች ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።
የአምናውን ገለጥኩ፤ የካቻምናውን።
ጭጋግ። ስስ ጭጋግ። ጭጋግ።
አራት ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ
«ጥርት ያለ፣ ኮረብታው ቅርብ መሰለ» የሚል አገኘሁ፤
ከዚያ ወዲህ፣ በየወሩ፣ ኮረብታው በጥቂቱ ይርቃል፣
የእርሳሱም ጽሕፈት በጥቂቱ ይተልቃል።
እኔ ደግሞ ያንን ርቀት
አየሩ እየቆሸሸ ነው ብዬ በጉባኤ ፊት
በሥዕል አሳይቼበታለሁ።

አልሰረዝኩትም። ያየውን ነው የጻፈው።
ሣጥኑ አርባ ፊደል ነው የሚቀበለው፤
ከብዙ ማጥፋትና መጻፍ በኋላ
«ኮረብታው እዚያው ነበረ» ብዬ ሞላሁት፤
ሃያ ሁለት ፊደል ተረፈኝ።